«አፈር ይቅለለው» የማይባልበት ቤት

ስለ ሕንድ የሰማ ሁሉ «እነሱማ ሬሳ ያቃጥላሉ» ይላል። እንግሊዝን ግን ማን ይጠረጥራል? እነሆ ከለንደን ልንገራችሁ። ዛሬ በብሪታንያ ከሚሞቱ 5 ሰዎች መካከል 4ቱ ገደማ የሚሸኙት ወደ ጉድጓድ ሳይሆን ወደ እሳት ነው። ሻይ ጠጪው፣ ውሻ ወዳዱ፣ ንጉሥ አክባሪው እንግሊዛዊ የመጨረሻ ቤቱ ምድጃ ሆኗል!

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው የጉዞ ማስታወሻዬ ወደ ገበያም ወደ ሙዚየምም አልወስዳችሁም። የምወስዳችሁ ወደ አስከሬን ማቃጠያ ቤት ነው። እነሱ «ክሪማቶሪየም» ይሉታል። «ኧረ በማርያም! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ። እንግሊዝ አገር ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ያለው ሁሉ ይሄ ነገር ይመለከተዋል። እንዴት እንደሚመለከተው ወደ ኋላ ላይ ትደርሱበታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ገዳም የሚመስለው ቤት

ጎልደርስ ግሪን በሰሜን ለንደን ያለ ሰፈር ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ሄዳችሁ ጣቢያው ስትደርሱ ትወርዱና ሁፕ ሌን ወደምትባል ጸጥ ያለች መንገድ ትታጠፋላችሁ። በመንገዷ በአንድ ወገን የአይሁዶች መካነ መቃብር አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ቀይ የጡብ ግንብ። አፈርና እሳት በአንዲት ቀጭን መንገድ ተለያይተው ከመቶ ዓመት በላይ ፊት ለፊት ተፋጠው ኖረዋል።

ግንቡን ከውጭ ላየው ገዳም ነው የሚመስለው። የጣሊያን አገር አሮጌ ቤተ ክርስቲያን እንዲመስል ተብሎ ነው የተሠራው። ሥራ የጀመረው በ1902 ነው። እኔ ስሄድ ዓይኔ የፈለገው የጭስ ማውጫ ነበር። የለም! ለካ ደወል ቤት በሚመስለው ረጅም ግንብ ውስጥ ደብቀውታል። ጭስ አይታይም፣ ሽታም የለም። ሰፊ ሣር፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ጽጌረዳ፣ በየግድግዳው ላይ ደግሞ የሟቾች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ። አንዲት ባልቴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ለቅሶ የለ፣ ደረት ምት የለ፣ ድንኳን የለ።

እዚህ ግቢ ከ300 ሺህ በላይ ሰው አመድ ሆኗል። በሕልም ፍቺው ዓለም ያወቀው የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1939 እዚሁ ተቃጥሎ አመዱ በጥንታዊ የግሪክ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል። እስቲ ጉዱን ስሙ፤ በ2014 አዲስ ዓመት ሌሊት ሌቦች ማሰሮውን ሊሰርቁ ገብተው ሰብረውት ሄዱ። ሞቶም፣ ተቃጥሎም፣ አመድ ሆኖም ከሌባ አለማምለጥ አለ ማለት ነው።

በፈረስ የተጀመረ ነገር

እንግሊዞች ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። እንደኛው ቀባሪ ነበሩ። ነገሩን ያመጡት የከተማው መቃብር ሞልቶ ተፋፍጓል፣ በሽታ ያመጣብናል ያሉ ምሁራን ናቸው። በ1874 የንግሥት ቪክቶሪያ ቀዶ ጥገና ሐኪም የነበሩት ሰው ወዳጆቻቸውን አሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። ከለንደን ወጣ ብላ ባለችው ዎኪንግ በምትባል ከተማ መሬት ገዝተው ምድጃ ሠሩ። በመጋቢት 1879 መጀመሪያ ያቃጠሉት ግን ሰው አልነበረም። የሞተ ፈረስ ነበር!

የዎኪንግ ሰው ይሄን ሲሰማ ጩኸቱን አቀለጠው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩም «አይሆንም» አሉ። የሚኒስትሩን ምክንያት ልብ በሉ። የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። «ሰው በመርዝ ተገድሎ ቢቃጠል ማን ያውቃል?» የሚል ፍርሃት ነው። የተቀበረ ሬሳ ነገር ሲጠረጠር ተቆፍሮ ይመረመራል። አመድን ግን ምን ብለህ ትመረምረዋለህ? እስከ ዛሬ ድረስ ያለው የእንግሊዝ የማቃጠል ሕግና ደንብ ሁሉ የተወለደው ከዚህች ፍርሃት ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ አንድ የ83 ዓመት አዛውንት የዌልስ ሐኪም የ5 ወር ልጃቸው ሞተባቸው። ሬሳውን ተራራ ላይ አውጥተው በራሳቸው ሥርዓት ሊያቃጥሉት እሳት ለኮሱ። የአካባቢው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እሳቱን አይቶ ተንጋግቶ መጣ፤ ፖሊስም ሽማግሌውን አሰራቸው። ጉዳዩ ካርዲፍ ከተማ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1884 ዳኛው የሰጡት ፍርድ አገሩን ገለበጠው። ሬሳ ማቃጠል ሰውን እስካላወከ ድረስ ወንጀል አይደለም አሉ! በዓመቱ በ1885 ዎኪንግ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት በሕግ ተቃጠለች። በዚያ ዓመት የተቃጠሉት ሰዎች በጠቅላላው 3 ብቻ ነበሩ። በ1902 ፓርላማው የማቃጠልን ሕግ አወጣ፤ ጎልደርስ ግሪንም በዚያው ዓመት ተከፈተ። በ1963 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክልከላዋን አላላች። ከ3 ሰው ተነስቶ ከ5ቱ 4ቱ ላይ ደረሰ እላችኋለሁ።

ከመጋረጃው በስተጀርባ

አሁን ደግሞ ሁላችሁም ለመጠየቅ የምትፈሩትን ልንገራችሁ። ምን ይደረጋል?

ለቀስተኛው ጸሎት ቤት በሚመስል አዳራሽ ይቀመጣል። ሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። ንግግር ይደረጋል፣ ሟች የሚወደው ዘፈን ሁሉ ሳይቀር ይከፈታል። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ መጋረጃ ይዘጋል፤ ሰዉ በሌላ በር ወጥቶ ይሄዳል።

ከመጋረጃው ኋላ ሠራተኞቹ በሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራሉ። የሟች ስም የተጻፈበት ካርድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሬሳውን እየተከተለ ከምድጃ ወደ ማቀዝቀዣ፣ ከማቀዝቀዣ ወደ አመዱ ዕቃ ይሄዳል። ምድጃው አንድ ሳጥን ብቻ ነው የሚይዘው። «የስንቱን ሰው አመድ ቀላቅለው ነው የሚሰጡን?» የሚለው ወሬ ባዶ ነው። «ሳጥኑን አውጥተው መልሰው ይሸጡታል» የሚለውም እንደዚያው። ሳጥኑ ከነሬሳው ነው የሚገባው።

ሙቀቱ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ጭሱ በሁለተኛ ክፍል ውስጥ እንደገና ስለሚቃጠል ነው ከውጭ የማይታየው። ልብ ላይ የሚገጠመው «ፔስሜከር» የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ አስቀድሞ ካልወጣ ባትሪው በሙቀቱ ይፈነዳል። ስለዚህ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ቀለበትና ሐብልም ቢሆን ቀድሞ ካልወለቀ በኋላ ተመልሶ አይገኝም።

እሳቱ ሲያበቃ የሚቀረው እኛ እንደምናውቀው የምድጃ አመድ አይደለም። አጥንት ነው። በመፍጫ ይፈጫል፤ ነጭ ግራጫ አሸዋ የመሰለ ይሆናል። ክብደቱ 2 ወይም 3 ኪሎ ነው። ጉልበት ውስጥ የነበረ ብረት ተለቅሞ ይወጣል፤ ቤተ ዘመድ ከፈቀደ ቀልጦ ለሌላ ሥራ ይውላል፣ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። አመዱ የሚሰጠው ላመለከተው ሰው ወይም እሱ ለወከለው ብቻ ነው። አንዳንዱ ቤቱ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ባሕር ላይ ይበትነዋል፣ አንዳንዱ እዚያው ጽጌረዳው ሥር ያስበትነዋል።

እኔ ይሄን ሁሉ ስሰማ የታሰበኝ አንድ ነገር ነው። በኛ አገር ቀብር ላይ ለሟች የምንመኘው «አፈር ይቅለለው» ብለን ነው። እዚህ ምን ተብሎ ይመረቃል? የሚቀልል አፈር የለ!

ፊርማ የማነው?

አንድ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ አይቃጠልም። ያቺ የመርዝ ፍርሃት እስከ ዛሬ ትሠራለች። ድሮ ሁለት ሐኪሞች እየተመራመሩ ይፈርሙ ነበር፤ ለየፊርማቸው 82 ፓውንድ ይቀበሉ ስለነበር ሐኪሞቹ ራሳቸው «የአመድ ገንዘብ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ያ ቀርቷል። በእንግሊዝና በዌልስ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የሚቀበርም ሆነ የሚቃጠል ማንኛውም ሟች፣ ወይ ሕክምናው ውስጥ ባልነበረ ገለልተኛ ሐኪም ይመረመራል፣ ወይ «ኮሮነር» ወደሚባለው የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ይሄዳል።

ከሐኪሙ ሌላ ግን አንድ ፊርማ አለ። የማቃጠያ ማመልከቻ ነው፤ «ክሪሜሽን ፎርም 1» ይባላል። የሚሞላው ኑዛዜ አስፈጻሚው ወይም የቅርብ ዘመድ ነው። ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሟቹስ? የሟቹ ፈቃድ የት ገባ?

እስቲ ይሄን ታሪክ ስሙ። በ1875 አንድ እንግሊዛዊ ከመሞቱ በፊት «ሬሳዬን አቃጥለሽ አመዴን በማሰሮ አድርጊልኝ» ብሎ ለወዳጁ በጽሑፍ አዘዘ። ቤተሰቡ ግን ቀበረው። ሴትየዋ አላረፈችም። «ወደ ሌላ ቦታ ላዛውረው ነው» ብላ ፈቃድ አወጣች፣ አስቆፈረችው፣ ጣሊያን ድረስ ወስዳ ሚላኖ ላይ አቃጠለችው! ከዚያ ወጪዋን እንዲከፍሏት ኑዛዜ አስፈጻሚዎቹን ከሰሰች። በ1882 ተረታች። ዳኛው ያሉት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሬሳ የማንም ንብረት አይደለም፤ ሰው ንብረቱን እንጂ ሬሳውን በኑዛዜ ማዘዝ አይችልም፤ የሚወስነው ኑዛዜ አስፈጻሚው ነው። ይሄ ፍርድ እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ሕግ መሠረት ነው።

ገባችሁ ወገኖቼ? «አታቃጥሉኝ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያስጥልም። «አቃጥሉኝ» ብሎ መጻፍም እንደዚያው። የሚያስጥለው ሰው ነው! ኑዛዜ አስፈጻሚ ካለ እሱ ይወስናል። ከሌለ መብቱ እንደ ውርስ ቅደም ተከተል ይወርዳል። ባል ወይም ሚስት፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ እህት ወንድም። ሳይጋቡ 20 ዓመት አብረው የኖሩ ጥንዶች በዚህ መስመር ውስጥ የሉም።

ሰው የሌለውስ?

ለንደን ውስጥ አንዲት የእድር ሰብሳቢ እናት አግኝቼ ነበር። «እትዬ፣ የኛ ሰው ተቃጥሎ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ስሚ ልጄ፣ በፈቃዱ የተቃጠለ እኔ አላውቅም። ሳይፈቅድ የተቃጠለ ግን አውቃለሁ» አሉኝ።

ሰውየው ብቻውን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነበር አሉ። ከሰው አይገጥምም፣ እድርም አልገባም፣ ስልክ ያነሳና ይዘጋል። ሞቶ የተገኘው በአከራዩ ነው። ዘመድ ተፈለገ፣ አልተገኘም። «እኛ የሰማነው በሁለት ወሩ ነው። ሄደን ጠየቅን። ጽጌረዳ አሳዩን። እዚህ ነው የተበተነው አሉን። ቄሱ ተዝካሩን አወጡለት፤ እናቱ ግን አገር ቤት ሆና መቃብሩን በፎቶ አሳዩኝ ስትል ምን እናሳያት? ጽጌረዳውን ላክንላት።»

ይሄ እንዴት ሆነ ካላችሁ በ1984 የወጣ ሕግ አለ። ሰው ሞቶ የሚቀብረው ከጠፋ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ እነሱ «ካውንስል» የሚሉት፣ ግዴታው ነው። ወይ ይቀብረዋል፣ ወይ ያቃጥለዋል። ማቃጠል ርካሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ነገር ግን እዚያው ሕግ አንቀጽ 46 ላይ አንድ ወርቅ የሆነ ቃል አለ። ማቃጠል ከሟቹ ፈቃድ ውጭ መሆኑን የሚያሳምን ምክንያት ካገኘ ካውንስሉ ማቃጠል አይችልም! በፊርማ የተረጋገጠ ኑዛዜ አልጠየቀም። «ምክንያት» ነው ያለው። ኪስ ውስጥ የተገኘች አንዲት ብጣሽ ወረቀት፣ «ሰውየው የኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው» ወይም «የኛ መስጊድ ሰው ነው» የሚል አንድ የስልክ ጥሪ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ካውንስሉ ግን ነቢይ አይደለም። ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

እዚህ ላይ የአንድ ሂንዱ አዛውንት ነገር ይገርመኛል። ሰውየው ኒውካስል ከተማ ይኖሩ ነበር። እንደ ሃይማኖቴ በገላጣ ቦታ፣ በእንጨት እሳት፣ ፀሐይ እያየኝ ካልተቃጠልኩ ነፍሴ አያርፍም ብለው በ2006 ካውንስሉን ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ተሟገቱ፤ በ2009 ተረቱ። ይግባኝ አሉ፤ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግድግዳ ባለውና ጣሪያው ክፍት በሆነ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ሕጉ አይከለክልም አላቸው። ለእሳት ብሎ 4 ዓመት ተሟገተ! እኛ ለአፈር የምንጠየቀው አንዲት ወረቀትና አንድ ሰው ነው።

አፈር ለኛ ቀልድ አይደለም። ዎኪንግ ላይ ፈረሱ በተቃጠለበት በዚያው በ1879፣ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። አጽሙ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልቆመም፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሶታል። ከ140 ዓመት በኋላም አጽም የሚጠይቅ ሕዝብ ነን። እንግዲህ ለራሳችን ማሰብ እንዴት ያቅተናል?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በእንግሊዝ ላላችሁ፣ ወይም ዘመድ ላላችሁ፣ ምክሬ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ኑዛዜ አስፈጻሚ ምረጡ። ኑዛዜ የሀብታም ብቻ አይደለም። በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ባሉበት ይፈረም፤ ምስክሮቹ ወራሾች አይሁኑ። የምትመርጡት ሰው ገንዘብ የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ቃል የሚጠብቅ ይሁን። ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ደግሞ ይሄን ዛሬውኑ አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ አንዲት ወረቀት ይኑር። በእንግሊዝኛ ትጻፍ። ስም፣ ሃይማኖት፣ «መቀበር እንጂ መቃጠል አልፈልግም»፣ የሚደወልለት ሰው ስልክ። ሌላ ቅጂ ለእድሩ፣ ሌላ ለነፍስ አባት። መቃጠልን በፈቃዱ የመረጠ ካለም ያው ነው፤ እሱም ይጻፍ፣ ለዘመዱም ይንገር። አለበለዚያ የሚወስነው ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይፈርማል። የቀብር አስፈጻሚው ቢሮ የሚቀርብላችሁን ወረቀት «ይሄ ምንድነው?» ሳትሉ አትፈርሙ። «ክሪሜሽን» የሚል ቃል ካያችሁ ብዕሩን አስቀምጡት። የአገሩ ቀብር ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚቆይ ማንም አያጣድፋችሁም።

አራተኛ፣ ሬሳው አገር ቤት ይግባ ከተባለ ከእንግሊዝና ከዌልስ ማንኛውም አስከሬን ከመውጣቱ በፊት ኮሮነሩ በጽሑፍ እንዲያውቀው ይደረጋል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

አምስተኛ፣ የአገር ልጅ ብቻውን ሞቶ ተገኘ ሲባል ከሰማችሁ አልቅሳችሁ አትቀመጡ። ለካውንስሉ ደውሉ፣ ለኮሮነሩ ደውሉ። ማን እንደነበረ፣ ምን ያምን እንደነበረ ተናገሩ። የምታውቁት በቡና ቤት ብቻ ቢሆንም ተናገሩ።

እኔ እንግሊዞቹን ለመንቀፍ አልጻፍኩም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሥራቸው ጥንቁቅ ነው፣ ፈቅዶ ለገባበት ሰው ክብር አላቸው። የኔ ነገር ፈቅዶ ላልገባበት ነው። ስደት ብዙ ነገር ይወስዳል። የመጨረሻዋን ፈቃድ ግን የሚወስደው ስደት ሳይሆን ዝምታ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለንደን የምትደውሉ ሁሉ፣ ስለ ኑሮውና ስለ ብርዱ ጠይቃችሁ ስትጨርሱ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። «ለመሆኑ ያንተን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ?» በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ።

ቸር ይግጠመን!